ብር ያለው ፋሻ

ልብስ ሰፊው ስንቱን የሙሽራ ቀሚስ ያለ እንከን አስረክቦ ኖሮ፣ በስተርጅና የገዛ ካውያው ጉድ ሠራው። የቀኝ አመልካች ጣቱን አቃጠለው፤ ቁስሉም አመርቅዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልድን አለ። ሐኪሙ ሳያወላውል "በሳምንት ለውጥ ካላየሁበት ጫፉን መቁረጤ አይቀርም" አለው። ያለዚያች ጣት ደግሞ መርፌ እንዴት ተብሎ ይያዛል?

ቁስል የምታሽገው ነርስ ግራጫ ፋሻ አወጣች። "አባባ፣ ይሄ ዓይን የማያየው ደቃቅ ብር አለበት፤ ናኖ ይሉታል። ጀርሙን ይፈጅልዎታል።"

"ደሜ ውስጥ ገብቶ ቢቀርስ?"

"እሱን ብለን አይደል ቀን የምንቆጥረው! ሲሻልዎት ወዲያው እናነሳዋለን። ብቻ ሲደርቅ በዚህ ጠርሙስ ውሃ ያርጥቡት፤ በሌላ በምንም።"

ቤት ሲደርስ ታናሽ እህቱ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው የምትኖር፣ ለወንድሟ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳ ሴት ናት። "ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ምኑ ነው መድኃኒቱ!" አለች። እናታቸው ቁስል የምታጥበው በጨው ነበር። አንጀቷ አልችል አላትና፣ እሱ ሳያያት ጠርሙሱን ደፍታ የጨው ውሃ ሞላችበት።

በአምስተኛው ቀን ከእህቱ ጋር ሄዶ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ቁስሉ እንዳለ ነው። "በምን ነበር የምታረጥቡት?"

"በሰጠሽን ውሃ ነዋ!" አለ ልብስ ሰፊው ቆጣ ብሎ።

እህቱን እንባ ቀደማት። "ጋሼ፣ የጨረስኩህ እኔ ነኝ! ጨው አድርጌበታለሁ።"

"ውይ እትዬ! ጨው እኮ ብሩን ይይዘዋል፣ ሥራ ያስፈታዋል" አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊው ሊጮህባት አፉን ከፈተ። አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየና አንጀቱን በላችው። "በይ ከጣቴ ራቅ በይ፤ እንባሽም ጨው አለው!" ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ነርሷም አዲስ ፋሻ አስራ፣ ሌላ ጠርሙስ ሰጥታ፣ ሐኪሙን ለምና አንድ ሳምንት አስጨመረች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እህቱ ጨው የሚባል ነገር ከቤት አባረረች። ሾርባው ውሃ፣ እንቁላሉ ገለባ! እሱም እንደምንም ዋጠው። በስድስተኛው ቀን የጣቱ ዙሪያ አመድ መሰለ። "አበቃልኝ!" እያለ ነርሷ ዘንድ ከነፈ።

"ብሩ ነው ያቀለመዎት፣ ይለቃል" ብላ ፋሻውን ፈታች። ከሥሩ አዲስ ቆዳ ሸፍኖታል። ሐኪሙም አየና "ይቺ ጣት ገና ብዙ ትሰፋለች" አለ።

ቤት ገብቶ ክሩን በአንድ ጊዜ መርፌው ውስጥ አሾለከው። ከኋላው ትንፋሿን ይዛ የቆመችው እህቱ እንደገና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በዚያችው ጣቱ ጠረገላት።

"አሁን እንዳሻሽ አልቅሺ" አላት። "ስትጨርሺ ግን፣ በእናታችን፣ ሾርባዬ ላይ ጨው ጨምሪ!"