ይፍረዱባት

ዳኛ ሚልኪያስ ቀጠሮ የሚያበዛው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሐረር ፈረስ መጋላ ጠበቆች ግን «የሱ መዝገብ የጀጎልን ግንብ በዕድሜ ይበልጣል» እያሉ ያሙታል። ጠበቃ ካላማ ምን ይሠራል?

እንዳይፈርድ የያዘው የናትናኤል ነገር ነው። ናትናኤል ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ሐሺሽ ተገኘበት። ሰው አልነካ፣ ቢላ አልመዘዘ። ሚልኪያስ በጥቂት ወራት ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ሕጉ ግን ከአምስት ዓመት በታች አትውረድ ይላል፤ አልወረደም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሚልኪያስ ችሎት በተቀመጠ ቁጥር ከኋላ አግዳሚ ላይ ያየዋል፤ እጁን አጣጥፎ ተራውን ይጠብቃል።

ልደት በዚያው ጥፋት ስትቀርብ ታዲያ ልቡ ተሸበረ። ልደት ጀጎል ውስጥ ሻይ ትሸጣለች፤ ለደንበኛ ያስቀመጠችው ሐሺሽ ከስኳር ዕቃዋ ተገኘ፤ አልካደችም። የቀረው ቅጣቱ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ያን ከአምስት ዓመት አትውረድ የሚለውን የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ ሊጸድቅ ነው ተባለ። «እስኪጸድቅ ላቆያት» አለና ቀጠሮ ሰጠ። ደግሞ ሰጠ። ልደት ዋስትና የላትም፤ እስር ቤት ሆና ትጠብቃለች። ረቂቁ ከስብሰባ ስብሰባ ይንከራተታል። እሱ ግን ቀጠሮ በሰጠ ቁጥር እፎይ ብሎ ይተኛል፤ ነፍስ ያዳነ መስሎታል፣ የዋህ!

እንቁጣጣሽ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ከመድኃኔ ዓለም ሲወጣ፣ የልደት እናት ወይዘሮ ፀሐይ ነጠላቸውን አደግድገው መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን አድርጋዎት ነው?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ልረዳት ብዬ…»

«አብረዋት የታሰሩት፣ በዚሁ ሐሺሽ አምስት አምስት ዓመት የተፈረደባቸው ሴቶች፣ ለበዓሉ ይቅርታ ተደርጎላቸው ወጡ። የኔዋ ስሟ አልተጠራም። ‹ላልተፈረደበት ይቅርታ የለም› አሏት። ተዉ አቦ! በመድኃኔ ዓለም፣ ይፍረዱባት!»

ይቅርታ ለፍርደኛ ብቻ መሆኑን አያውቅም? ያውቃል እንጂ። ከሞተው ልጅ ሲሸሽ በሕይወት ያለችውን ረሳ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

መዝገቡን ከቀጠሮው በፊት አስቀረበ። ረቂቁ አሁንም አልጸደቀም። የሚቀጥለው ይቅርታ በዓመቱ ነው፤ ያውም ከተደረገ። ልደት እስከዚያ በሕይወት ትቆይ ይሆን? እሱ ምን ያውቃል። የሚያውቀው ሌላ ቀጠሮ ቢሰጥ ያም በር እንደሚዘጋባት ብቻ ነው።

«አምስት ዓመት ጽኑ እስራት» ብሎ አነበበ።

ችሎቱ ውስጥ እልልታ ቀለጠ። ወይዘሮ ፀሐይ ናቸው። ፖሊሱ ዝም ሊያሰኛቸው ተነሥቶ፣ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ልደት ወደ ዳኛው ዞራ እጅ ነሣች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።