ለመንገደኛ የቀረበ ክስ

“ዕቃዬን በሳሙና አጠበችብኝ!” አለች ጉያቱ፣ ሻዩን ከብርጭቆው እስኪተርፍ እየቀዳች። “እስኪ አንተ ፍረድ። የሰው ጮጮ በሳሙና ይታጠባል?”

ከሀገረ ማርያም የመጣው ተሳፋሪ መጀመሪያ ሻዩን፣ ቀጥሎ በእጇ ያለውን የጋለ ማንቆርቆሪያ አየ።

“አይታጠብም” አለ።

“ሰማህ?” አለች ወደ ባሏ ዞራ።

ጃታኒ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሰንደል ጫማውን ማሰሪያ ይሰፋል። “ሰማሁ። ባለፈው የፊልቱውም ሰውዬ ፈርዶልሻል። ምነው እስካሁን ተከሳሿ አልታሰረችም?”

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዮቱ በፈነዳ ዓመት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ ሸምሳ ከዲላ ተድራ ነገሌ መጥታ ሴት ልጅ ወለደች። ጉያቱም እናቷ ከተክል ሥር በወጣ ክር ጎንጉና የሠራችላትን የወተት ዕቃ፣ ጮጮውን፣ በወይራ ጭስ አጠነች፤ ወተት ሞልታ ለአራሷ ላከች። ጮጮው ሲመለስ የልብስ ሳሙና ይሸታል። ዕድሜውን ሙሉ በጭስ ብቻ ሲጸዳ የኖረ ዕቃ! ወተት ቢጨመርበት ወተቱ ሳሙና ሳሙና አለ። “ቆሻሻ ነሽ ማለቷ ነው” ብላ ጉያቱ ሸምሳን ዘጋቻት፤ ያኔ የተወለደችው ሳዲያ አድጋ፣ ተድራ፣ ትናንት በእናቷ ቤት እስክትወልድ ድረስ እንደዘጋቻት ናት።

ክሱን ለአገሩ ሰው ተናግራ አታውቅም፤ ባሏንም እንዳይተነፍስ አስምላዋለች። የአገሩ ሰው ያዳላል። በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ለማን ብሎ ይዋሻል? ደግሞስ በሻይ ቤቷ መንገደኛ የማይጠየቀው ነገር አለ? አንዱ “አሬሮ ዘንቧል?” ይላል፣ ሌላው “የምታስል ግመል ምን ይሻላታል?” ይላል። እሷም የራሷን ትጠይቃለች።

“ዛሬ ካልሄድሽ መቼም አትሄጂ” አለ ጃታኒ። “ሰፈሩ ሁሉ አራሷን ጠይቋል። ላማችንም ወልዳለች።”

“ሳዲያ ምንም አላደረገችኝም። እናቷ ትምጣና ይቅርታ ትጠይቀኝ።”

የአሬሮው መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ ነበርና ሾፌሩ ሙሉነህ ሥሩ ተኝቶ ይደበድባል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ዲንኪቱ የምትባል አሮጊት፣ ከማዶ ሱቅ የገዛችውን ክር ይዛ ገባች።

“አካም፣ ናጋ?” ብላ ሰላም አለች።

“ናጋ፣ አዴ። ይቀመጡ” አለች ጉያቱ። ሻይ ቀዳችና ጊዜ ሳታጠፋ ክሷን ጀመረች። ገና ሳሙናው ጋ ሳትደርስ አሮጊቷ ሳቋ አፈናት፤ ሻዩ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ።

“ምን ያስቅዎታል?”

“ይሄን ክስ አሁን ማዶ ሰምቼው ነው የመጣሁት!”

“ማን ነገረዎት?”

“ተከሳሿ ናታ! ‘አዴ፣ አንቱ ፍረዱኝ’ አለችኝ። ጎረቤቴ በጮጮ ወተት ላከችልኝ፣ ልጅ ነበርኩና ባዶውን መለስኩላት፣ በዚያ ተቀይማ ዘጋችኝ ትላለች። ለመካስ በየኢዱ ስኳር ብልክላት ትመልስብኛለች ትላለች።”

“ባዶውን? ሳሙናውንስ?”

“ስለ ሳሙና ያነሳችው የለም።”

ጉያቱ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። በቀበሌ ሰልፍ የሚገኘውን ያን ሁሉ ስኳር፣ እንደታሸገ የመለሰችውን፣ አሰበችው።

“አንቱ ምን ብለው ፈረዱላት?”

“‘ጎረቤትሽ ግትር ናት’ አልኳት።” አሮጊቷ ክሩን አሳየች። “ቀንሳ ሸጠችልኝ።”

ጃታኒ ጫማውን ጥሎ በሳቅ ሆዱን ያዘ።

“አንተ ዝም በል!” አለችው ጉያቱ። “ሸምሳ እንዴት ሳታውቅ ትቀራለች? እኔ ለመንገደኛ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ!”

“እሷ መንገደኛ ናት እንዴ፣ ልጄ?” አለች ዲንኪቱ።

ጉያቱ ማንቆርቆሪያውን መልሳ አነሳች። “የሆነ ሆኖ፣ ጮጮ በሳሙና አይታጠብም” አለች።

“አይታጠብም” አለች አሮጊቷ እየተነሳች። “አራስ ደግሞ ያለ ወተት አትሰነብትም።”

ሙሉነህ ጥገናውን ጨርሶ ጥሩንባውን ነፋ፤ መኪናው አቧራውን ትቶ ሄደ።

ጉያቱ ጮጮውን ከተሰቀለበት አወረደች። የወይራ ፍልጥ ለኩሳ ውስጡን አጠነችው፤ ክዳኑን ገጥማ ጭሱን አፈነችው፤ ፍሙን አራግፋ ወተት ሞላችው።

“ወዴት ነው?” አለ ጃታኒ፣ እያወቀ።

“ሻዩን ጠብቅ። ለሚመጣው ሰው ደግሞ ወሬዬን እንዳታወራ።”

ሸምሳ ሱቋ በር ላይ ጨርቅ እየለካች ሳለ መንገዱን ስትሻገር አየቻት። ሜትሩ ከእጇ ወደቀ።

“እትዬ ጉያቱ…”

“ለሳዲያ ነው።”

ሸምሳ ጮጮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። “አሁንስ ባዶውን አልመልስም፣ ወላሂ! ስኳር ሞልቼ—”

“ስኳርሽ ይምጣ፣ እቀበላለሁ። ስታጥቢው ግን…” ጉያቱ ከነጠላዋ ሥር ያሰረቻቸውን የወይራ ፍልጦች አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። “ሳሙናው ይኸው።”

ሸምሳ ፍልጦቹን አየች፤ ጮጮውን አሸተተች፤ አፏን በእጇ ያዘች።

“ውይ! በሳሙናው ነበር እንዴ?”

ጉያቱ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ወደ አራሷ ገባች።