የጸዳው ሰማይ

ገብረሥላሴ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ፎቶ ሲያነሳ ቅናት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ የሚቀናበት ሰው አልነበረማ! በ2009 ዓ.ም. ግን የቀድሞ ረዳቱ ነጋሳ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ከሚባለው ሰፈር ሆኖ፣ በስተምዕራብ በሩቅ ከሚያጓራ ዝናብ በላይ ቀይ ብርሃን አነሳ። ሥሩ ወደ ታች የተንጠለጠለ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል። የፊዚክስ መምህርቷ ናርዲ «ከነጎድጓድ ደመና በላይ፣ ወደ ጠፈሩ ተጠግቶ ለቅጽበት የሚበራ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጅማ ላይ ሲነሳ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም» ብላ ፎቶውን አሳድጋ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሰቀለችው። ከተማው ሁሉ ነጋሳ፣ ነጋሳ አለ።

ገብረሥላሴ በገነ። ካሜራ አያያዝ ያስተማረው ማን ሆነና! «ትናንት ትራይፖድ ይሸከምልኝ የነበረ» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያማው ጀመር። ቅናት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን አላስታገሰለትም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። የከሊልና የሀዋ ሰርግ! ከአምስት ዓመት በፊት፣ ልክ ሲጨልም ሙሽሮቹን በረንዳ ላይ አቁሞ፣ ከኋላቸው በሩቅ መብረቅ ሲበርቅ አንስቷቸዋል። ከደመናው በላይ ይኸው ቀይ ነገር ነበረ!

ፋይሉን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቢፈልግ አጣው። በባጃጅ ሄርማታ ሰፈር፣ ሀዋ ቤት ገሰገሰ። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ አሁን ይታያል!

ሀዋ አልበሙን አመጣችለት። ገለጠ። ሙሽሮቹ አሉ፤ መብረቁም አለ። ከደመናው በላይ ያለው ሰማይ ግን ጥቁርና ንጹሕ ነው።

ያኔ ትዝ አለው። የሙሽራ ፊት ላይ ብጉር እንደሚያጠፋው ሁሉ፣ ያንን ቀይ ኮምፒውተር ላይ ሲፍቅ ነበር የዋለው። ነጋሳ ከኋላው ቆሞ «ሜ ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን አያጥፏት፤ ከሰማይ የመጣች ናት እኮ» ቢለው፣ «እድፍ ነው! የሰው ሰርግ ልታበላሽ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ ነጋሳ ክረምት በመጣ ቁጥር ካሜራውን ይዞ ኪቶ ፉርዲሳ ይወጣ ነበር።

ሀዋ ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየችና ፈገግ አለች።

«ማሻአላህ! ያን ዕለት ካሜራው ላይ ሳየው ቀይ ነገር ነበረበት። እንዴት አድርገው አጸዱልን፣ ጋሼ! የእርስዎ እጅ እኮ ዱካ አይተውም።»