አራት በር ያለው ቤት

ጥያቄው አጭር ነበር። «አንድ ቤት አራት በሮች አሉት። አንድ ሰው በአንዱ ገብቶ በሌላው ለመውጣት ስንት አማራጭ አለው?» ገሊላ ሻርጃ ከተማ፣ በሠራተኝነት በተቀጠረችበት በማዳም ማድ ቤት ውስጥ ሆና አሰበችበትና «ምንም» ብላ ላከች።

የምትልከው ለአጎቷ ልጅ ለጌዲዮን ነው። ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ ሰፈር፣ ከሌሎች ጋር በሚጋራው ክፍል በተከራያት ቤድ ስፔስ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልክ ሂሳብ ያስጠናታል። የቅዳሜውን ፈተና ካለፈች ኮሌጅ ትገባለች፣ የተማሪ ቪዛ ታገኛለች፣ ከዚህ ቤት ትወጣለች። ከወደቀች ያው ማዳም አለችላት።

«ገሊ፣ ምን ነካሽ? መግቢያው አራት፣ መውጫው ሦስት። ስታባዢው አሥራ ሁለት።»

«ዋናው በር የነሱ ነው። የጋራዡ የሾፌሩ፣ የመጅሊሱ የወንድ እንግዳ። እኔ በማድ ቤት ገብቼ በማድ ቤት ነው የምወጣው። እሱም ማዳም ስትከፍትልኝ።»

«ስላንቺ ማን ጠየቀሽ? አንድ ሰው ነው የሚለው።»

ይቺ ነገር ከነከነቻት። በእኩልዮሽ ኤክስን ለብቻው ማስቀረት ወዲያው ነበር የገባት፤ ለብቻ መቅረትን ማን ያስተምራታል። «አንድ ሰው» መሆን ግን አቃታት።

ቅዳሜ ጠዋት ማዳም ልጆቿን ይዛ አጅማን እናቷ ዘንድ ሄደች። «ሹግልሽን፣ ሥራሽን ጨርሺና ያላ፣ ተፈተኚ» ብላት ነበር። ግን ልማድ አይለቅምና ቆላልፋባት፣ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ስልክም አታነሳም። ገሊላ የማድ ቤቱን በር ገፋች፣ ሳበች፣ በእርግጫ መታች። ፈተናው ወዳለበት ወደ ቡር ዱባይ የሚወስዳት አውቶቡስ ካመለጣት አለቀላት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እያለቀሰች ነው መቁጠር የጀመረችው። ማድ ቤቱ፣ ተቆልፏል። ዋናው፣ ተቆልፏል። ጋራዡን ሾፌሩ ቆልፎታል። አራተኛው ላይ ስትደርስ ተነሳች።

የመጅሊሱ፣ የእንግዳ መቀበያው በር ቀጥታ ወደ መንገድ ነው የሚያወጣው። መቀርቀሪያውን በየቀኑ ትወለውለዋለች፤ አዙራው ግን አታውቅም። አዞረችው። ያለ ቁልፍ ተከፈተ።

ደስ ያላት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከውስጥ የሚከፈት በር ስትወለውል መክረሟ አንገበገባት፤ በማዳም ይሁን በራሷ እንደተናደደች እንኳ አላወቀችም። ወጣች። በሩ ከኋላዋ ራሱ ተዘጋ፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም።

አውቶቡሱ ላይ ደብተሯን አላወጣችም። ማታ ማዳም «በየት ወጣሽ?» ማለቷ አይቀርም። ገሊላ ድምፅዋ እስከማይንቀጠቀጥ ድረስ መልሱን በለሆሳስ ተለማመደች። «በእንግዳ በር፣ ማዳም።»