የቀላው ፕላዝማ

ሰብለ ልጅ ሳለች፣ ጨንቻ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰምታ ነበር። አንደኛው አባቷ ይመስላታል። «ደሟን ወሰዱ፤ ውጤቱን ግን ያመጣ የለም» አለ። ሌላው ምን እንደመለሰለት ጠፍቶባታል። ስለ ማን እንደሚያወሩም ብትጠይቅ የነገራት አልነበረም።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ፣ በማሽን ያዞረችውን የማሚቱን ደም ወደ መብራቱ አነሳችው። ከላይ የተለየው ፕላዝማ፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ የገለባ መልክ ሊኖረው ሲገባ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀልቷል።

ማሚቱ የጡት ካንሰር ታክማ ጨርሳለች። የሞቱ ሴሎች የሚጥሉት የዲኤንኤ ብጥስጣሽ በፕላዝማ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ካንሰሩ ተርፎ እንደሆነ የእሱም ብጣሽ እዚያው መሃል ይገኛል። ሰብለ ያንን አውጥታ፣ አጥርታ፣ በማሽን እንዲነበብ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች።

«ጋሽ ደግፌ፣ ደሙን በምን አመጡት?»

ደግፌ በጨንቻና በአርባ ምንጭ መካከል ክትባት ሲያመላልስ ያረጀ ሰው ነው። «በምን ላመጣው ኖሯል? በክትባት ሳጥን ነዋ። ዙሪያውን በረዶ ጠቅጥቄ።»

«በረዶ አታስነኩት ተብሎ ነበር እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሙቀት ሲያበላሸው ተጠያቂው ደግፌ ነው።»

ደሙ በረዶ ሆኖ፣ የጨንቻን ቁልቁለት ሲወርድ ቀልጧል። ሴሎቹ ፈንድተው የራሳቸውን ዲኤንኤ ዘርግፈውበታል። በዚያ ጎርፍ መሃል የካንሰሩን ብጣሽ መፈለግ ዘበት ነበር።

በማግስቱ ማሚቱና ባሏ ወንጌላዊ ሲላስ ተጠርተው ከጨንቻ ወረዱ።

«ትናንት ቀዳችሁ፤ ዛሬም ልትቀዱ» አለ ሲላስ ገና ሳይቀመጥ። «ሰው ናት ወይስ ቧንቧ?»

«ወንጌላዊ፣ ያኛው ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

ደግፌ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። በረዶ አስነክቼው ነው።»

«አንተ? የልጆቻችንን ክትባት የምታመጣው? ያንንስ እንዴት አድርገህ ይሆን የምታመጣው?»

«ልጆችህን ሂድና እያቸው፤ ሲሯሯጡ ታገኛቸዋለህ።»

ሲላስ ወደ ሰብለ ዞረ። «አንቺስ ዝም ብለሽ ብትልኪው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም። ምናልባት ‹ምንም የለም› የሚል ውጤት ይመጣ ነበር። እርስዎም ጉባኤ ፊት ቆመው ያመሰግኑ ነበር። ቢኖርባትስ?»

«በእምነቴ አትዘባበቺ።»

«አልዘበትኩም። እኔም እጸልያለሁ። ውሸት ልኬ ግን ምን ብዬ እጸልያለሁ?»

«ጌታ ፈውሷታል፤ ጨርሰናል። ተነሺ፣ ማሚቱ።»

ማሚቱ አልተነሳችም። «አንተ ጨርሰህ ይሆናል። በየማለዳው ጡቴን የምዳስሰው እኔ ነኝ።» እጅጌዋን ጠቀለለች። «ቅጂ። ያ ሰውዬ ግን እንዳይነካው።»

ደግፌ አንገቱን ደፋ። «አልነካውም።»

ሰብለ ቀዳች፤ ብልቃጡን ሳታናውጥ በዝግታ ገለባበጠችው። ደሙ አንዴ ይዞራል፣ ፕላዝማው ይለያል፣ እሱም ለብቻው እንደገና ይዞራል።

«የምታምኚው ከሌለ ደሙ አጠገብ ቁሚ» አላት ሲላስ ሚስቱን፣ በሩ ላይ ሆኖ።

«አንተ ቁምልኝ። እኔ ደክሞኛል።»

ሰብለ የማሽኑን ክዳን ዘጋች። ሲላስ ተመልሶ ወንበር ጎተተና ጀርባውን ለደግፌ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ይቅር አላልኳችሁም» አለ። «ግን ሁለተኛው ዙር እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።»