ያለ ሰዓቱ የተነፋው ጡሩንባ

ሙታንን መዘከር መልካም ምግባርና ቅዱስ ልማድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ሙታን አይከራከሩም ብሎ በስማቸው የሚደግስ፥ በአጥንታቸው ላይ ወንበሩን የሚዘረጋ ግብዝ በየዘመኑ አይታጣም። የጥጥ ፈተል ፋብሪካው የሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ድንበሩ ወልደ ሰንበት ከነዚህ አንዱ፥ ምናልባትም አውራቸው ነበሩ።

በዚያ ፋብሪካ ጡሩንባው ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ሠራተኛ ሁሉ የመፍተያ መኪናውን አቁሞ ወደ ግቢው እንዲወጣ ሥርዓት የሠሩት የታላቁ አድማ አባቶችና እናቶች ናቸው። አድማው በተመታባት በዚያች የመከራ ዕለት እነርሱ በዱላ ሲቀጠቀጡ ወጣቱ ድንበሩ ጥጥ መጋዘን ተሸሽገው ውለው፥ ነገሩ ሲበርድ ጢማቸው ብናኝ ለብሶ ብቅ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ዛሬ የአድማው መታሰቢያ ሲከበር ተራኪውም ጀግናውም እርሳቸው ሆኑ። ሥርዓቱ ከአባቶች ጋር የተቀበረ ስለ መሰላቸውም ጡሩንባውን ወርቅማ ቀለም አስቀቡት። ባለ ፋብሪካው ሠራተኛውን ጸጥ አድርገው ካቆዩለት የአስተዳደር ሹመት ሊሰጣቸው ቃል ገብቶ ነበርና፥ ልባቸው ያለው እዚያ ነው።

በዋዜማው ፈታይዋ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቀርበው፥ «ጋሼ ድንበሩ፥ ብናኙ ሳንባችንን ጨረሰው። የአፍ መሸፈኛ ይሰጠን ብለን ለምነን ሰሚ አጣን፤ ነገ በንግግርዎ ያንሡልን» አሏቸው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፥ ነገ የታሪክ ቀን ነው፤ ታሪክን በስሞታ አናቆሽሸው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ፥ ምርት እንዳይጓደል ተብሎ ሠራተኛው በየመኪናው ላይ ቀርቶ፥ የሠራተኛው በዓል በግቢው ድንኳን ውስጥ ያለ ሠራተኛ ይከበር ጀመር። አቶ ድንበሩም በተጋባዦቹ ጭብጨባ ልባቸው አብጦ፥ «አሁን የአባቶቻችንን ድምፅ እንስማ!» ብለው የጡሩንባውን ገመድ ሳቡ። ጡሩንባው ጮኸ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ በሮቹ ተከፈቱና ፀጉርና ቅንድቡ በጥጥ የነጣ ሕዝብ ወጥቶ ድንኳኑን ከበበ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን እያወናጨፉ፥ «ለመታሰቢያ እኮ ነው! ወደ ሥራችሁ ተመለሱ!» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ ፊት ወጥተው፥ «ጠሩን፥ መጣን። የብናኙ ነገር ሳይቆረጥ አንመለስም» አሉ።

ባለ ፋብሪካው ከክብር ወንበሩ ተነሥቶ አቶ ድንበሩን ከእግር እስከ ራስ ገረመማቸውና፥ «ጸጥ ያደረግህልኝ ይኸው ነው?» አላቸው። ሹመቱም በዚያው ቀረ። የምስኪኑ ዓይን ሳያውቁት የጥጡን መጋዘን ፈለገ፤ በሩ ግን ለበዓሉ ክብር ተቆልፏል፥ ያስቆለፉትም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ታሪክን ሬሳ ነው ብሎ የሚገንዝ ሰው፥ መግነዙ የተንቀሳቀሰ ዕለት የሚሸሸግበትን አስቀድሞ ያዘጋጅ።