ሃምሳ ኪሎ እና አንድ እንቢታ

፩

«አላገባውም።»

ይህን ያለችው ቦክሰኛዋ ስንዱ ናት። ፍቅረኛዋ ሙሉቀን የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች አባቷ ሳሎን ቁጭ ብለዋል። እሷ ደግሞ ላብ እንዲወጣላት በላስቲክ ላይ ቱታ ደርባ፣ ከጓዳ ብቅ አለችና ራሷ መለሰችላቸው። ኧረ ጉድ!

«ምን አጠፋ ልጄ?» አሉ አንደኛው።

«ሲያኝክ ይሰማል።»

፪

አንባቢ ሆይ፣ ቶሎ አትፍረድባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትወደው የኖረችው እሱኑ ነው። ግን ለሃምሳ ኪሎ ውድድር ቅዳሜ ትመዘናለች፤ ኪሎው ደግሞ አልወርድ ብሏል። ውሃ እንኳ አፏን አርሳ ትተፋዋለች። ትናንት አሰልጣኟን «ሽንኩርት ሸተትክ» ብላ አኮረፈችው። አጥንቷ እየተቆጠረ፣ መስታወት ፊት ቆማ «ይቺ ዱባ» እያለች ራሷን ሰደበች። ዳቦ ቤት በር ላይ የተሳለ ዳቦ አይታም አልቅሳለች።

የተሳለ!

፫

አባቷ ጋሽ መኩሪያ ዘዴኛ ናቸው። «አፍራ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹን ለቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሯቸው። መቼም ሽማግሌ በአንድ ቀን «እሺ» ተብሎ አይሸኝም፣ ደጅ መጥናት ወጉ ነው። «አፍራ» ሲሉ ግን አንደኛው ሽማግሌ ሳል ያዛቸው።

ከሄዱ በኋላ፦

«እውነት አትፈልጊውም?»

«አላውቅም አባዬ።»

«እንዴት አታውቂም?»

«የተናገርኩት እኔ ልሁን ረሃቡ አላውቅም።»

«እንግዲህ ቅዳሜ የምትይው የመጨረሻ ነው። ሽማግሌ መጫወቻ አይደለም።»

፬

ይህ ክፍል ኪሎ ለመቀነስ ተቆርጦ ወጥቷል።

፭

ላብ።

፮

ምራቅ።

፯

ሃምሳ።

፰

እሰይ፣ አሁን ታሪኩም ይብላ። ስንዱ ከሚዛን ወርዳ ውሃዋን ጠጣች፣ ገንፎ በቅቤ በላች፣ ፍርፍር አስከተለች፣ ሙዝ ደገመች። አሰልጣኟን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ዓለም ሁሉ ዘመዷ ሆነ። ፍልሚያው ነገ ነው፣ እሱ አላስጨነቃትም።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሙሉቀን አላስችል ብሎት ከአጥሩ ውጭ ይንጎራደዳል። ጋሽ መኩሪያ ወደ ጓዳ ገብተው በጆሮዋ ጠየቋት።

«ባለፈው በረሃብ አመካኘሽ። ዛሬ ጠግበሻል። ምን ልበላቸው?»

ስንዱ ፈራች። ሪንግ ውስጥ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ከሷ በቀር የሚመልስላት አልነበረም። አፏን ከፈተች።

፱

(መልሷን እዚህ የሚሞላ ሰው አስቀድሞ ምሳውን ይብላ።)

«                              »